ሉዊስ ፌዴሪኮ ሌልዋር እና የባክቴሪያን ገጽ ስኳሮች የሚገነቡ ኢንዛይሞች

መግቢያ

የባክቴሪያ ሕዋስ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኘው በአብዛኛው በስኳር በኩል ነው። ሕዋሱን እንደ ካባ የሚጋርደው ካፕሱል፣ በግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች ውጫዊ ሽፋን ላይ የተተከለው ላይፖፖሊሳካራይድ፣ ሕዋሱን ከመፈንዳት የሚጠብቀው የፔፕቲዶግላይካን ግድግዳ፣ ሁሉም በሙሉ ወይም በከፊል ከስኳር ሰንሰለት የተሠሩ ናቸው። የሰው አካል ወራሪውን ተሐዋሲ ለይቶ የሚያውቀውም ሆነ ተሐዋሲው ከአካሉ መከላከያ የሚሰወረው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሰንሰለቶች አማካይነት ነው። በመሆኑም ሰንሰለቶቹን የሚገነቡት ኢንዛይሞች ምን ዓይነት መዋቅር እንዳላቸውና እንዴት እንደሚሠሩ ማወቅ ለመድኃኒትና ለክትባት ምርምር መሠረት ሆኗል።

እነዚህ ኢንዛይሞች ነጠላ ስኳርን እንዳገኙት አንሥተው ከሰንሰለት ጋር አይቀጥሉም። ስኳሩ አስቀድሞ ከሌላ ሞለኪውል ጋር ተጣምሮና ኃይል ተሸክሞ መቅረብ ይኖርበታል። አብዛኛውን ጊዜ ስኳሩን የሚሸከመው ኑክሊዮታይድ መሆኑን ለዓለም ያስታወቁት አርጀንቲናዊው የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ሉዊስ ፌዴሪኮ ሌልዋር ናቸው። የስኳር ኑክሊዮታይድን እንደ ለጋሽ የሚጠቀሙ ኢንዛይሞች ዛሬም በእርሳቸው ስም ይጠራሉ።

ሆኖም ሌልዋር የባክቴሪያ ገጽ ተመራማሪ አልነበሩም። በሙያቸው ሐኪም ሲሆኑ ታዋቂ ያደረጋቸው ግኝት የተገኘው በእርሾ ላይ በተደረገ ጥናት ነው። ይህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ እየተከተለ፣ ከሕሙማን አልጋ ያራቃቸው መንገድ ዞሮ ወደ ሕክምና ልብ እንዴት እንደደረሰ ለማሳየት ይሞክራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርት እና ከሕክምና መለየት

ሌልዋር የተወለዱት ሴፕቴምበር 6 ቀን 1906 በፓሪስ ከተማ ነው። ወላጆቻቸው አርጀንቲናውያን ሲሆኑ ወደ ፈረንሳይ የተጓዙት አባታቸው በጽኑ ታመው ለሕክምና ስለነበር ነው። አባታቸው ሕፃኑ ከመወለዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ዐረፉ። ሌልዋር የሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አርጀንቲና ተመለሱ። ቤተሰቡ ሰፊ መሬትና የከብት ርቢ የነበረው በመሆኑ የኑሮ ችግር አላገኛቸውም። ይህ ሀብት በኋላ ዘመን ትርፍ በማይገኝበት ሙያ ጸንተው እንዲቆዩ ረድቷቸዋል።

በቦነስ አይረስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ሲማሩ ከሌሎች ልቀው የታዩ ተማሪ አልነበሩም፤ የአናቶሚ ፈተናን ያለፉት በአራተኛው ሙከራ ነበር። በ1932 በሕክምና ተመርቀው በሆስፒታል ለጥቂት ጊዜ አገለገሉ። ያ ዘመን ሰልፋ መድኃኒቶችም ሆኑ ፔኒሲሊን ለሕክምና ያልዋሉበት ጊዜ ነው። የሳንባ ምች ወይም የደም መመረዝ ለያዘው ሰው ሐኪሙ ሊያደርግ የሚችለው ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። ሌልዋር ሕመምን እየለዩ ፈውሱን ለማግኘት አለመቻል ከብዷቸው የሕክምና አገልግሎትን ትተው ወደ ቤተ ሙከራ ገቡ።

ከኡሳይ ጋር

ሌልዋርን ወደ ምርምር ያስገቧቸው የፊዚዮሎጂ ሊቁ በርናርዶ ኡሳይ ናቸው። ሌልዋር በእርሳቸው መሪነት የአድሬናል ዕጢዎች በካርቦሃይድሬት ሜታቦሊዝም ላይ ያላቸውን ሚና የሚመረምር የዶክትሬት ጥናት ሠሩ። ጥናቱን ሲያካሂዱ የኬሚስትሪ እውቀታቸው እንደሚያንሳቸው ስለተገነዘቡ በ1936 ወደ እንግሊዝ ሄደው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ፣ ፍሬድሪክ ጎላንድ ሆፕኪንስ በሚመሩት የባዮኬሚስትሪ ክፍል አንድ ዓመት ያህል ቆዩ። ኢንዛይምን ከሕዋስ አውጥቶ፣ አጣርቶና ለይቶ የማጥናትን ሥርዓት የተማሩት በዚያ ነው።

በ1937 ወደ አገራቸው ተመልሰው ከሁዋን ሙኞስ ጋር የጉበት ሕዋሳት የቅባት አሲዶችን እንዴት እንደሚያቃጥሉ ማጥናት ጀመሩ። በዘመኑ እምነት ይህ ሂደት ሕዋሱ ከተሰበረ በኋላ ሊቀጥል አይችልም ነበር። ሁለቱ ተመራማሪዎች ሕዋስ በሌለበት የጉበት ጭማቂ ውስጥ እንዲካሄድ ማድረግ ቻሉ። ማቀዝቀዣ ያለው ሴንትሪፉጅ ስላልነበራቸው በበረዶና በጨው የተሞላ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ በመሣሪያው ዙሪያ በማጥለቅ ናሙናውን ያቀዘቅዙ እንደነበር ይነገራል።

ቀጥሎም ከኤድዋርዶ ብራውን ሜኔንዴስ፣ ከሁዋን ካርሎስ ፋሲዮሎ፣ ከአልቤርቶ ታኪኒ እና ከሙኞስ ጋር በመሆን የኩላሊት ጉዳት የደም ግፊትን ለምን እንደሚያስነሣ መረመሩ። ቡድኑ ከኩላሊት የሚወጣው ሬኒን ራሱ ግፊት የሚጨምር ንጥረ ነገር ሳይሆን ኢንዛይም መሆኑን፣ ከደም ፕሮቲን ላይ ቆርጦ የሚለቀው ሌላ ውህድ ግን የደም ሥሮችን እንደሚያጠብ አሳየ። ይህ ውህድ ዛሬ አንጂዮቴንሲን ተብሎ ይታወቃል። አንዱ ጥናት ስለ ቅባት፣ ሌላው ስለ ደም ግፊት ቢሆንም በሁለቱም የታየው አሠራር አንድ ነው፤ ሂደቱን ከሕዋስ ውጭ ማስኬድ፣ ከዚያም የሚጎድለውን ንጥረ ነገር አንድ በአንድ መፈለግ። ወደ ስኳር ኑክሊዮታይድ ያደረሳቸውም ይኸው አሠራር ነው።

የ1943 መበታተን

በ1943 በአርጀንቲና ወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት ተካሄደ። ኡሳይ ከሌሎች ምሁራን ጋር ሆነው ሕገ መንግሥታዊ ዴሞክራሲ እንዲመለስ የሚጠይቅ መግለጫ ስለፈረሙ ከዩኒቨርሲቲው ተባረሩ። የመሪው መባረር ለዓመታት የተገነባውን የምርምር ቡድን በተነው። በዚያው ዓመት ከአሜሊያ ሱበርቢለር ጋር ጋብቻ የፈጸሙት ሌልዋር ከባለቤታቸው ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዙ።

በሴንት ሉዊስ ከካርል እና ከጌርቲ ኮሪ ዘንድ፣ ከዚያም በኒውዮርክ በካምብሪጅ ከሚያውቋቸው ከዴቪድ ግሪን ዘንድ ሠሩ። የኮሪ ባልና ሚስት በዚያን ጊዜ በግላይኮጅን ምርምር በዓለም ቀዳሚ ነበሩ። ግላይኮጅንን የሚሰብረው ፎስፎሪሌዝ የተባለው ኢንዛይም በቤተ ሙከራ ውስጥ ወደ ኋላ ሲሠራ ግላይኮጅንን መገንባት እንደሚችልም አሳይተዋል። ከዚህ የተነሣ ሕዋስ ስኳርን የሚያከማችበትም ሆነ ማከማቻውን የሚያፈርስበት መንገድ አንድ ነው የሚል አስተሳሰብ ሰፍኖ ነበር። ይህን አስተሳሰብ ከዐሥር ዓመታት በኋላ የለወጡት ሌልዋር ናቸው።

ሌልዋር በአሜሪካ መቆየት ይችሉ ነበር፤ የተሟላ ቤተ ሙከራና ወዳጆች ነበሯቸው። ይሁን እንጂ በ1945 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኡሳይ በግል ድጋፍ ባቋቋሙት ተቋም ውስጥ ጥቂት ጓደኞችን አሰባስበው ሥራ ጀመሩ። በ1947 ኡሳይና የኮሪ ባልና ሚስት የኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። በዚያው ዓመት ሐይሜ ካምፖማር የተባሉ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት በሰጡት ገንዘብ በሌልዋር የሚመራ የባዮኬሚስትሪ ምርምር ተቋም ተከፈተ።

የሚያፈሰው ጣሪያ

አዲሱ ተቋም በቦነስ አይረስ ፓሌርሞ ሰፈር ከኡሳይ ተቋም አጠገብ የሚገኝ፣ ክፍሎቹ በጣት የሚቆጠሩ አሮጌ መኖሪያ ቤት ነበር። ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ሌልዋር የቤተ መጻሕፍቱን መጽሔቶች ከዝናብ ለማዳን በገዛ እጃቸው አሸንዳ ሠርተው በክፍሉ ውስጥ ሰቅለዋል። በግራጫ የሥራ ጋዋን የሚታወቁት እኒህ ሰው ብዙ መሣሪያዎችንም ራሳቸው ይጠግኑ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ባልደረቦቻቸው ራንዌል ካፑቶ፣ ካርሎስ ካርዲኒ እና ራውል ትሩኮ ነበሩ፤ ወጣቱ አሌሃንድሮ ፓላዲኒም ተቀላቀሏቸው። ካፑቶ የወተት ስኳር በጡት ዕጢ ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ጀምረው የነበረውን ጥናት መነሻ በማድረግ፣ ቡድኑ በወተት ስኳር ላይ ወደሚያድግ የእርሾ ዓይነት አተኮረ። ጥያቄው ውስን ነበር፤ እርሾው ጋላክቶስን ወደ ግሉኮስ የሚለውጠው እንዴት ነው? ሁለቱ ስኳሮች የሚለያዩት በአራተኛው ካርቦን ላይ ባለው የሃይድሮክሲል ቡድን አቅጣጫ ብቻ ቢሆንም፣ ያን አቅጣጫ መገልበጥ ለኬሚስት ቀላል ሥራ አይደለም።

የመጀመሪያው እርምጃ ጋላክቶስ ከኤቲፒ ፎስፌት ተቀብሎ ጋላክቶስ-1-ፎስፌት መሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የተጣራው ኢንዛይም ብቻውን መሥራት አቆመ። ተፍልቶ ፕሮቲኑ ሁሉ የወደመበት የእርሾ ጭማቂ ሲጨመርበት ሥራው ቀጠለ። ይህም በሙቀት የማይበላሽ አነስተኛ ረዳት ንጥረ ነገር መኖሩን አመለከተ። ጥናቱ ሲጠልቅ ረዳቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ግሉኮስ-1-ፎስፌትን ወደ ግሉኮስ-6-ፎስፌት ለመለወጥ የሚያገለግለው ግሉኮስ-1,6-ዳይፎስፌት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጋላክቶስን ለመለወጥ የሚያስፈልገው እስከዚያ ጊዜ ያልታወቀ ውህድ ነበር።

ይህ ሁለተኛው ውህድ አልትራቫዮሌት ብርሃንን የሚውጥበት ሁኔታ ከአዴኖሲን ጋር ይቀራረባል፤ ግን አንድ አይደለም። ለብ ባለ አሲድ ውስጥ ግሉኮስን በቀላሉ ይለቃል። የብርሃን አወሳሰዱ በመጽሔት ላይ ከታተመው የዩሪዲን መለኪያ ጋር ሲነጻጸር ግን ተገጣጠመ። በ1950 የቀረበው ጽሑፍ ውህዱ ዩሪዲን፣ ሁለት ፎስፌትና ግሉኮስ በሰንሰለት የተያያዙበት መሆኑን አስታወቀ፤ እርሱም ዩሪዲን ዳይፎስፌት ግሉኮስ፣ በአጭሩ ዩዲፒ-ግሉኮስ ነው። ምላሹን ያስገኘው ከዝናብ የተጠበቀው የመጽሔት ስብስብ ነበር ማለት ይቻላል።

ከረዳት ንጥረ ነገር ወደ ሁለንተናዊ ለጋሽ

ቡድኑ በ1951 በኢንዛይሙ አማካይነት ዩዲፒ-ግሉኮስ ወደ ዩዲፒ-ጋላክቶስ፣ ዩዲፒ-ጋላክቶስም ወደ ዩዲፒ-ግሉኮስ እንደሚለወጥ አሳየ። ስኳሩ የሚገለበጠው ለብቻው ሳለ ሳይሆን በኑክሊዮታይዱ ላይ እንደተጫነ ነው ማለት ነው። ይህን ለውጥ የሚያካሂደው ኢንዛይም ዛሬ ኤፒመሬዝ ይባላል። ሥራው እንዳለቀ ዩዲፒ-ግሉኮስ ተመልሶ ስለሚገኝ፣ ጥቂት ረዳት ብዙ ጋላክቶስን ለመለወጥ ይበቃል።

ሌልዋርና ባልደረቦቻቸው በዚህ አላቆሙም። በ1953 ኤንሪኮ ካቢብ በተሳተፉበት ሥራ ዩዲፒ-ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚንን፣ ቀጥሎም ጂዲፒ-ማኖስን ለዩ። በዚህም አንድ ውህድ የነበረው ቤተሰብ ሆነ። የተለያዩ ስኳሮች በተለያዩ ኑክሊዮታይዶች ላይ ተጭነው በሕዋስ ውስጥ እንደሚንቀሳቀሱ ታወቀ። ይህ ሁሉ ጭነት ለምን ያገለግላል የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው ቡድኑ ከዩዲፒ-ግሉኮስ ተነሥቶ ትሬሃሎስ ፎስፌትን፣ ሱክሮስን፣ በ1957 ደግሞ ከካርዲኒ ጋር በጉበት ኢንዛይም ግላይኮጅንን መገንባት ሲችል ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላም በዕፅዋት ስታርች ለመሥራት የተሻለው ለጋሽ ኤዲፒ-ግሉኮስ መሆኑን አሳዩ።

ግላይኮጅን የሚገነባበት መንገድ ከሚፈርስበት መንገድ የተለየ ነው የሚለው መደምደሚያ ከዚህ ይከተላል። ፎስፎሪሌዝ ያፈርሳል፤ ግንባታው የሚካሄደው በሌላ ኢንዛይም፣ በሌላ ለጋሽ ነው። ሁለቱ መንገዶች ስለተለያዩ ሕዋሱ አንዱን ሲከፍት ሌላውን መዝጋት ይችላል። ግሉኮስ በፎስፌት ብቻ ከሚያዝ ይልቅ ከዩዲፒ ጋር ሲያያዝ ከአንደኛው ካርቦኑ ላይ ያለው ቦንድ በቀላሉ የሚለቅ ይሆናል፤ ዩዲፒ ሲለይ ስኳሩ ወደ ተቀባዩ ይሻገራል። በሰንሰለት ግንባታ ሁሉ የሚደጋገመው መርሕ ይኸው ነው።

ፔኒሲሊን ያጋለጠው ምስጢር

የቦነስ አይረሱ ቡድን እርሾን ሲመረምር፣ በአሜሪካ ጄምስ ፓርክ የተባሉ ተመራማሪ ፔኒሲሊን በስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ያጠኑ ነበር። መድኃኒቱ በተሰጠው ባክቴሪያ ውስጥ ዩሪዲን የያዙ እንግዳ ውህዶች ይከማቹ ጀመር። ፓርክ በ1952 እነዚህ ውህዶች ከዩዲፒ ጋር የተያያዘ አሚኖ ስኳርና በላዩ የተቀጠሉ አሚኖ አሲዶች መሆናቸውን ገለጹ። በ1957 ከጃክ ስትሮሚንገር ጋር ባቀረቡት ጽሑፍ የውህዱ ይዘት ከባክቴሪያው የሕዋስ ግድግዳ ይዘት ጋር እንደሚገጣጠም አመለከቱ። የተከማቸው ነገር ግድግዳ ሳይሆን የቀረ የግድግዳ መሥሪያ ነበር፤ ፔኒሲሊን የሚገድለውም ግንባታውን በማሰናከል ነው። በ1965 የሚሰናከለው እርምጃ የመጨረሻው፣ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የሚጠላለፉበት እንደሆነ ታወቀ።

በዚህ ሥፍራ የሌልዋር ሕይወት ሁለት ጫፎች ይገናኛሉ። በ1930ዎቹ የሕሙማንን አልጋ የተዉት የባክቴሪያ ሕመም ፈውስ በሌለበት ዘመን ነበር። የፔኒሲሊንን አሠራር ለመረዳት ያስፈለገው ቋንቋ ደግሞ፣ ማለትም ስኳርን በዩሪዲን ዳይፎስፌት ላይ የመጫን ኬሚስትሪ፣ በእርሳቸው ቤት ከእርሾ የተገኘው ሆነ። የግድግዳው ግንባታ የሚነሣውም ቡድናቸው ከለየው ከዩዲፒ-ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን ነው።

በሳልሞኔላ ላይ ሂሮሺ ኒካይዶና ባልደረቦቻቸው ያደረጉት ጥናት ተመሳሳይ ነገር አሳየ። ኤፒመሬዝ የጎደለው የሳልሞኔላ ዘር ዩዲፒ-ጋላክቶስ መሥራት ስለማይችል የላይፖፖሊሳካራይድ ሰንሰለቱ ተቆርጦ ይቀራል፤ ጋላክቶስ ከውጭ ሲያገኝ ግን ሰንሰለቱን ያራዝማል። እርሾ ምግቡን እንዴት ይለውጣል በሚል የተጀመረው ጥናት የባክቴሪያን ገጽ የሚወስን ኢንዛይም አስገኝቷል ማለት ነው።

የኒሞኮከስ ዓይነት 3 ካፕሱልም ሌላ ምሳሌ ነው። ኦስዋልድ ኤቨሪ፣ ኮሊን ማክላውድና ማክሊን ማካርቲ በ1944 ዲኤንኤ የዘር ባሕርይን እንደሚያስተላልፍ ያሳዩት ካፕሱል የሌለው ባክቴሪያ ይህን ካፕሱል መሥራት እንዲችል በማድረግ ነበር። ካፕሱሉ ግሉኮስና ግሉኩሮኒክ አሲድ እየተፈራረቁ የሚቀጠሉበት ሰንሰለት ነው። አንድ ኢንዛይም ከዩዲፒ-ግሉኮስ ዩዲፒ-ግሉኩሮኒክ አሲድን ይሠራል፤ ሌላው ሁለቱን ለጋሾች እያፈራረቀ ይቀጥላል። ኤቨሪና ባልደረቦቻቸው ያስተላለፉት ባሕርይ በኬሚስትሪ ሲተረጎም ዩዲፒ-ግሉኮስን ወደ ካፕሱል የመለወጥ ችሎታ ነበር።

የኢንዛይሞቹ መዋቅርና ተግባር

ስኳር አሻጋሪ ኢንዛይሞች፣ በሳይንሳዊ ስማቸው ግላይኮሲልትራንስፈሬዞች፣ በዓይነት እጅግ ብዙ ቢሆኑም የስኳር ኑክሊዮታይድ የሚጠቀሙት በአብዛኛው በሁለት የፕሮቲን ቅርጾች ይጠቃለላሉ። በመጀመሪያው፣ ጂቲ-ኤ በሚባለው ቅርጽ፣ ሁለት ክፍሎች ተጠጋግተው እንደ አንድ አካል ይሆናሉ። ብዙዎቹ የማንጋኒዝ ወይም የማግኒዝየም አዮን ይይዛሉ፤ አዮኑ የለጋሹን ሁለት ፎስፌቶች ያረጋጋና ዩዲፒ በቀላሉ እንዲለይ ይረዳል። በሁለተኛው፣ በጂቲ-ቢ ቅርጽ፣ ሁለት የተለያዩ ክፍሎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ በመካከላቸው ባለው ስንጥቅ አንዱ ክፍል ለጋሹን፣ ሌላው ተቀባዩን ይይዛል።

መዋቅሩ ከታወቀላቸው መካከል ለፔፕቲዶግላይካን ግንባታ የሚያገለግለው የኢ. ኮላይ ኢንዛይም ሙርጂ ይገኛል። በ2000 የታተመው መዋቅሩ የጂቲ-ቢ ቅርጽ እንዳለው አሳይቷል። ሥራው ከዩዲፒ-ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን ስኳሩን ወስዶ በሽፋኑ ላይ ባለ ቅባት ተሸካሚ ላይ ወደ ተዘጋጀ ሌላ ስኳር ማሻገር ነው። በ2013 የታተመው የባክቴሪያ ሴሉሎስ ሠሪ መዋቅር ደግሞ ሌላ ነገር ይነግረናል። ኢንዛይሙ በአንድ ወገኑ ዩዲፒ-ግሉኮስን ተቀብሎ ሰንሰለቱን በአንድ ስኳር ሲያስረዝም፣ እያደገ ያለው ሰንሰለት በራሱ በኢንዛይሙ መተላለፊያ በኩል ሽፋኑን አቋርጦ ይወጣል። ግንባታና ማስወጣት በአንድ ፕሮቲን ውስጥ ተገናኝተዋል።

ይህ እውቀት ከኢትዮጵያ የጤና ጉዳይ ጋርም ይገናኛል። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ለረጅም ዘመን ወረርሽኝ ያስነሣ የነበረው የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ዓይነት ኤ፣ ካፕሱሉን የሚሠራው ከዩዲፒ-ኤን-አሴቲልማኖሳሚን ነው። ይህን ለጋሽ የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ከዩዲፒ-ኤን-አሴቲልግሉኮሳሚን ላይ አንድ የካርቦን አቅጣጫ የሚገለብጥ ኤፒመሬዝ ነው። ከ2010 ጀምሮ በቀበቶው አገሮች ለሕዝብ የተሰጠው ክትባት የተሠራው ከዚሁ ካፕሱል ስኳር ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ነው።

የኋለኛው ዘመን

ካምፖማር ሲያርፉ ተቋሙ ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ሌልዋር ለአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ያቀረቡት የድጋፍ ማመልከቻ ተቀባይነት ስላገኘ ሥራው ቀጠለ። በ1958 ተቋሙ ቀድሞ የመነኮሳት ትምህርት ቤት ወደነበረ ሰፊ ሕንፃ ተዛወረ። ሌልዋር በዩኒቨርሲቲውም አስተምረዋል፤ በቤተ ሙከራቸው ያሠለጠኗቸው ወጣቶች በአገሪቱ የባዮኬሚስትሪ ትምህርትን አስፋፉ።

በ1967 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች የባክቴሪያን ገጽ ስኳሮች በሽፋን ላይ የሚሸከም ረጅም የቅባት አልኮል ፎስፌት እንዳለ አሳወቁ። ሌልዋር ከኒኮላስ ቤሬንስ ጋር በ1970 በጉበት ውስጥ ተመሳሳይ ተሸካሚ፣ ዶሊኮል ፎስፌትን፣ ለዩ። ባክቴሪያና ጉበት፣ የሩቅ ዘመዳሞች ቢሆኑም፣ ስኳርን በሽፋን ላይ ለመገንባት የሚጠቀሙበት ዘዴ የሚመሳሰል ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የስኳር ኑክሊዮታይዶችን በማግኘታቸውና በካርቦሃይድሬት ግንባታ ያላቸውን ሚና በማሳየታቸው የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ብቻቸውን ተሸለሙ።

ከሽልማቱ በኋላም የሥራ ልማዳቸው አልተለወጠም። በ1983 ለተቋሙ አዲስ ሕንፃ ተሠርቶለት ወደዚያ ገባ፤ እርሳቸውም በቤተ ሙከራ መገኘታቸውን ቀጠሉ። ሌልዋር ዲሴምበር 2 ቀን 1987 በቦነስ አይረስ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ማጠቃለያ

የሌልዋር ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የሚያፈስ ጣሪያና አሮጌ ወንበር ያለው ቤት ታላቅ ግኝት እንዳፈራ ምሳሌ ሆኖ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ድህነት ምርምርን ያጠነክራል ማለት ግን ስሕተት ነው። ድጋፍ ሲቋረጥ ተቋሙ ሊዘጋ እንደተቃረበ፣ መሪ ሲባረርም ቡድን እንደተበተነ አይተናል። ግኝቱን ያስገኙት ሌሎች ነገሮች ናቸው። መሣሪያ ቢጎድልም የወቅቱ መጽሔቶች አልጎደሉም፤ ክፍሉ ቢጠብም ለዓመታት አብሮ የቆየ ቡድን ነበር፤ ጥያቄውንም የመረጡት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንጂ ሌላ አካል አልነበረም።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ጥያቄው ጠባብነት ነው። እርሾ ጋላክቶስን እንዴት ይመገባል የሚለው ጥያቄ ጠቀሜታው ምንድን ነው ተብሎ በ1947 ቢጠየቅ፣ ፔኒሲሊንን፣ ካፕሱልን ወይም ክትባትን የሚጠቅስ መልስ ሊሰጥ የሚችል ሰው አልነበረም። ትስስሩ የታየው ጥያቄው እስከ መጨረሻው ስለተከተሉት፣ የተገኘው ንጥረ ነገርም በስምና በመዋቅር በትክክል ስለተለየ ነው። የባክቴሪያን ገጽ ስኳሮች የሚገነቡ ኢንዛይሞችን ዛሬ የሚያጠና ተመራማሪ፣ ለጋሹን ከኢንዛይሙ ስንጥቅ ውስጥ ሲያይ፣ የሚያየው ያን በሙቀት ያልተበላሸ የእርሾ ንጥረ ነገር ወይም የቅርብ ዘመዱን ነው።